የሚበቅል ቀለምና ተጠያቂው ከያኒ

የሥዕል ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የቆመው በድን በሆነ ቁስ ላይ ነው። ብራናው ነፍሱ የወጣ እንስሳ ቆዳ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከከሰል፣ ቀዩና ቢጫው ከአፈርና ከማዕድን ይገኛል። ሠዓሊው ብሩሹን ካስቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ ሥራው ባለበት ይጸናል፤ ይደበዝዝ እንደሆነ እንጂ አያድግም፤ ይሰነጠቅ እንደሆነ እንጂ አይራባም። ስለዚህም «ይህ የማን ሥራ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እምብዛም አያስቸግርም ነበር። ቁሱ ዝም ይላል፤ እጅ ይናገራል፤ የእጁም ባለቤት ፊርማውን ያኖራል።

ዛሬ ግን በልቶ የሚያድር፣ የሚራባና የሚሞት ቀለም ወደ ሥነ ጥበብ ገብቷል። ይኸውም በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን በተፈጥሮ የሚያመነጩት ቀለም ነው። ከዚህም በላይ ቀለሙን በሰሌዳው ላይ የሚያኖረው አንዳንድ ጊዜ የሰው እጅ መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ሆኗል። ቁሱ ሕያው፣ እጁ የብረት በሆነበት ቦታ የከያኒው ድርሻ ምንድን ነው? ሥራውስ የማን ነው? ጉዳት ቢያደርስ የሚጠየቀው ማነው? ሕያው የነበረው ሥዕል ሲሞትስ ምን ቀረ ይባላል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለሩቅ አገር ሊቃውንት ብቻ የሚተዉ አይደሉም። በደቡባዊ አዲስ አበባ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ከነዚሁ ጥያቄዎች ጎን በየዕለቱ ያልፋል። የአካባቢው ስም ራሱ ሽቦ አልባውን ቴሌግራፍ ያስታውሳል፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ መሣሪያ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የነፋስ ስልክ ብሎ ሰየመው። በዚሁ ስም የሚጠራ የቀለም ፋብሪካም አለ። በመካኒሳ ደግሞ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ በአትክልት የተከበበ ሙዚየም ቆሟል። መሣሪያ፣ ቀለምና ሕያው ቁስ በአንድ ክፍለ ከተማ ተጎራብተው ይገኛሉ ማለት ነው። ስለሆነም ነገሩን ከዚያው መርምሮ መነሣት ይቻላል።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

በቅድሚያ የአሠራሩን ምንነት መረዳት ያስፈልጋል። ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር የተባለ ንጥረ ነገር ከምግብ ጋር ተፈልቶ በክብ ሳሕን ላይ ሲፈስ ረግቶ ይጠጥራል። በዚህ ሰሌዳ ላይ ባክቴሪያው በቀጭን ሽቦ ወይም በፒፔት ይነካል። በዚያች ሰዓት የሚታይ ነገር የለም፤ ሠዓሊው የሚሠራው በማይታይ ቀለም ነው። ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ግን እያንዳንዷ ነጥብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት የሰፈሩባት መንደር ትሆናለች፤ ቀለሙም ያን ጊዜ ይወጣል። ሴራሺያ ማርሴሰንስ ቀይ፣ ማይክሮኮከስ ሉቲየስ ቢጫ፣ ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሴየም ወይን ጠጅ፣ ስትሬፕቶማይሲስ ሴሊከለር ሰማያዊ ይሰጣሉ።

ተሕዋስያኑ ቀለሙን የሚያመነጩት ለሰው ዓይን ውበት ብለው አይደለም። ወይን ጠጁ ቀለም ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል መሣሪያ ነው። የማይክሮኮከስ ቢጫ ቀለም ከብርሃን ጉዳት ይከላከላል። ሰው «ውብ» የሚለው ነገር ለባለቤቱ ጋሻና ጦር መሆኑ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን የቀዩ ተሕዋስ ጠባይ ነው። ሴራሺያ በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያድግ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ በሰው ሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ሲያድግ ግን ቀለሙን ያጣል። በሰሌዳ ላይ በቀለሙ የሚታወቀው ይህ ነገር ወደ ሰው አካል ቢገባ በቀለሙ ሊታወቅ አይችልም። ይህ የተፈጥሮ እውነት ወደ ኋላ ለሚነሣው የሞራል ጥያቄ መሠረት ስለሆነ በአእምሮ መያዝ አለበት።

የሰው ልጅ ይህን ቀለም ያወቀው በድንጋጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 በሰሜን ኢጣሊያ በፓዱቫ አቅራቢያ የገበሬዎች የበቆሎ ገንፎ እንደ ደም ቀልቶ ተገኘ። ብዙዎች መዓት ነው አሉ። ባርቶሎሜዎ ቢዚዮ የተባለ ፋርማሲስት ግን ነገሩን መርምሮ ምክንያቱ በገንፎው ላይ የበቀለ ሕያው ነገር መሆኑን አሳየ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በትርፍ ጊዜው በባክቴሪያ ሥዕል ይሥል ነበር፤ ዳንሰኛ፣ ወታደር፣ ቤት በሳሕኑ ላይ አበቀለ። አንዱ ተሕዋስ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ስለሚያድግ እያንዳንዱን በተለያየ ሰዓት መዝራት ነበረበት። ስለዚህም ሠዓሊነቱ ከገበሬነት ጋር ተቀላቀለ፤ የሚዘራበትን ጊዜ ማወቅ የጥበቡ ግማሽ ሆነ። የአሜሪካ ማይክሮባዮሎጂ ማኅበርም ከ2015 ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ሥዕል ውድድር ማዘጋጀት ጀምሯል።

የመሣሪያው መግባት ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። ሥዕሉ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ወደ ነጠብጣቦች ይመነዘራል፤ ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ የአግድምና የቁም ልኬት ይሰጠዋል፤ የመሣሪያው ክንድ በማይክሮሊትር፣ ማለትም በሊትር አንድ ሚሊዮንኛ እጅ የሚለካ ጠብታ በተባለው ቦታ ላይ ያሳርፋል። መሣሪያው በመጀመሪያ የተሠራው ለሥዕል አልነበረም፤ ለመድኃኒት ምርምርና ለበሽታ ምርመራ ነው። አይንቀጠቀጥም፤ አይሰለችም፤ አንዱን ሥዕል መቶ ጊዜ አድርግ ቢባል መቶ ጊዜ ያደርገዋል።

የቡኮ ጥበብ

ሕያው ቁስን ለሥራ ማሰለፍ ግን ከውጭ የመጣ ነገር ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አማርኛ ለሊጥና ለጭቃ አንድ ግሥ አለው፤ ሁለቱም ይቦካሉ። ይህ የቋንቋ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። የጤፍ ሊጥ በቡሃቃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲያድር የሚሠሩት እርሾና ባክቴሪያ ናቸው፤ የእንጀራው ዓይንም የነርሱ ትንፋሽ ያለፈበት ነው። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ተረግጦ ለቀናት ሲተውም ጭዱን ማበስበስ የሚጀምሩት ተሕዋስያን ናቸው፤ ጭቃው የሚለሰልሰውና የሚጣበቀው በዚህ ምክንያት ነው። እናት ስሙን ሳታውቀው፣ ግንበኛው በማጉያ መነጽር ሳያየው፣ ሁለቱም ከማይታይ ሠራተኛ ጋር ሲሠሩ ኖረዋል።

በዚህ ረገድ የመካኒሳው ዞማ ሙዚየም ሊጠቀስ ይገባዋል። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን መሥራቾቹ ከያኒው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስትና የትርኢት አዘጋጅ የሆኑት መስከረም አሰግድ ናቸው። ግድግዳው የቆመው የአገሬው ግንበኛ በሚያውቀው የጭቃና የጭድ ጥበብ ነው፤ በሚበላ ተክልና በአበባ ያጌጠው ግቢም የሥራው አካል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም። ኤልያስ ስሜ በዓለም የታወቀበት ሥራ ደግሞ ከዚህ የራቀ ይመስላል፤ ከመርካቶ በሚገኝ የተጣለ የኮምፒዩተር ሰሌዳና ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ ሰፋፊ ገበታዎችን ይሠራል። ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች አንድ ሐሳብ ይገልጻሉ። በአንደኛው የሞተው መሣሪያ በእጅ ተሰፍቶ እንደ መሬት ገጽታ ሆኖ ሕይወት ያገኛል፤ በሌላው ሕያው አፈር ቤት ይሆናል። ከያኒው መሣሪያን አልሸሸም፤ አላመለከምም፤ አገላብጦ አየው እንጂ።

ሕያው ሥራ ደግሞ ጥበቃ ይጠይቃል። የጭቃ ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ይላጣል፤ በየጊዜው መመረግ ይኖርበታል። አትክልቱ ውሃና ኮትኳች ይፈልጋል። በሸራ ላይ የተሠራ ሥዕል ባለቤቱ ቢረሳው እንኳ ዓመታትን ይሻገራል፤ ሕያው ሥራ ግን በተረሳበት ቀን መጥፋት ይጀምራል። እንግዲህ ሕያው ኪነ ጥበብ ከሌላው የሚለይበት የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው፦ ሥራው በፊርማ አይጠናቀቅም።

ፊርማው የማን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ክርክር መመለስ ይቻላል። አንዳንድ ሠዓሊዎች በመሣሪያ የተነጠበና በባክቴሪያ የበቀለ ነገር ኪነ ጥበብ ሊባል አይገባውም ይላሉ። ምክንያታቸው ቀላል የሚባል አይደለም። የሰው እጅ ሲሥል የሚያመነታበት፣ የሚደፍርበት፣ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ ተመልካቹ በሥዕሉ ውስጥ የሚያገኘው ሌላ ሰው ይህ ነው። መሣሪያ ግን አያመነታም። ባክቴሪያም አያስብም። ታዲያ በሁለቱ መካከል ሰው የት አለ?

ይህን ለመመለስ የእጅን ድርሻ መመርመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም መስተዋት አለ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን መስተዋቱን የቆረጡትና ያያያዙት የፈረንሳይ ባለሙያዎች ናቸው። ሥራው የአፈወርቅ መሆኑ በዚህ ምክንያት ይቀራል የሚል የለም። የነሐስ ሐውልትን የሚያፈሰው ቀራጺው ሳይሆን የነሐስ ሠራተኛው ነው፤ ሙዚቃን የሚጫወተው ደራሲው ሳይሆን ኦርኬስትራው ነው። ስለሆነም እጅ ብቻውን የባለቤትነት መለኪያ ሆኖ አያውቅም።

ሌሎች ደግሞ መለኪያው ምርጫ ነው ይላሉ፤ ሐሳቡን የመረጠ፣ ቀለሙን የመረጠ፣ «ይህ ይበቃል» ብሎ ያቆመ እርሱ ከያኒ ነው ይላሉ። ይህ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ነገር ግን አያደርስም። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ራሱ ከብዙ ሥዕሎች መካከል አንዱን ሊመርጥ ይችላልና። ምርጫ ብቻውን መለኪያ ከሆነ ነገ ፊርማው የመሣሪያው ነው ማለት ይመጣል።

መልሱን እንጀራ ጋጋሪዋ ታውቀዋለች። እንጀራው መልካም በሆነ ጊዜ እንግዳው «እጅዎ ይጣፍጣል» ይላታል እንጂ እርሾውን አያመሰግንም፤ ማመስገን ካለበት ሥራውን የሠራው እርሾው ቢሆንም እንኳ። እንጀራው በሆመጠጠ ወይም ዓይን ባጣ ጊዜም እርሾው ተጠርቶ አይወቀስም። ከጎረቤት የተዋሰችው እርሾ ቢሆን፣ ብርዱ ያዘገየው ቢሆን፣ ምጣዱ የበላሸው ቢሆን፣ በማዕዱ ፊት የምትጠየቀው እርስዋ ናት። የእርስዋ ነው የሚያሰኘው ሁሉን በእጅዋ መሥራትዋ አይደለም፤ ስለ ሁሉ መልስ መስጠትዋ ነው። ሊጡን ያየችው፣ ያሸተተችው፣ አብሲት የሚገባበትን ሰዓት የወሰነችው፣ ከተበላሸም አውጥታ የምትደፋው እርስዋ ናት።

እንግዲህ የሕያው ሥዕል ባለቤት ማለት ስለ ሥራው ሊጠየቅ የሚችልና ለመጠየቅ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ነው። መሣሪያ ሊነጥብ፣ ሊመርጥም ይችላል፤ ሊጠየቅ ግን አይችልም። ባክቴሪያ ሊበቅል ይችላል፤ ሊያፍር ግን አይችልም። ሐፍረትና መልስ ያለው በሰው ዘንድ ብቻ ነው። ይህም ማለት መሣሪያው የከያኒውን ድካም ያቃልልለት እንደሆነ እንጂ ኃላፊነቱን አያቃልልለትም። እንዲያውም ያከብድበታል። ምክንያቱም የእጅ ስሕተት አንዴ ይሠራል፤ የመሣሪያ ስሕተት ግን በታዘዘው መጠን መቶ ጊዜ ሳያዛንፍ ይደጋገማል።

የሚያመነታ እጅ ጠፋ ለሚለው ቅሬታም በዚሁ መልስ ይገኛል። መሣሪያው ጠብታውን በልኩ ቢያሳርፍም ባክቴሪያው በልኩ አያድርም። አንዱ መንደር ከጎረቤቱ ይፎካከራል፤ አንዱ ዳር ይደርቃል፤ ቀለሙ ከታሰበው ይደምቃል ወይም ይፈዝዛል። ከእጅ የሸሸው ማመንታት በቁሱ ውስጥ ተመልሶ ይገኛል። ከያኒው የሚታየው ይህን ያልታሰበ ነገር ሲቀበል ወይም ሲጥል ነው።

«ጉዳት የለውም» የሚባለው ቃል

ኃላፊነት ከተባለ ለማን ነው? በመጀመሪያ ለሰው ነው። በዚህ ረገድ ቀዩ ሴራሺያ መራር ታሪክ አለው። ለብዙ ዘመን ጉዳት የሌለው ተሕዋስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ቀለሙ በቀላሉ ስለሚታይም የአየርንና የውሃን ጉዞ ለመከታተል ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጀርም ጦርነት ቢነሣ ከተማ ምን ያህል እንደሚጠቃ ለመለካት ብሎ ይህንኑ ባክቴሪያ ከመርከብ ላይ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ረጨው። ነዋሪው አልተጠየቀም፤ አልተነገረውምም። ከዚያ በኋላ በከተማይቱ አንድ ሆስፒታል 11 ሕሙማን በሴራሺያ ተለክፈው ተገኙ፤ አንዱም ሞተ። ሕመሙ ከርጭቱ መምጣቱ በፍርድ ቤት ባይረጋገጥም ሕዝቡ ስለ ሙከራው የሰማው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነበር። ዛሬ ሴራሺያ የደከመ አካል ያላቸውን ሕሙማን በሆስፒታል የሚያጠቃ ተሕዋስ መሆኑ የታወቀ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት «ጉዳት የለውም» የሚለው ቃል የእውቀት ደረጃ መግለጫ እንጂ የቁሱ ዘለዓለማዊ ባሕርይ አለመሆኑን ነው። ቃሉን የሚናገር ሁሉ «እስከ ዛሬ በታወቀው መጠን» የሚለውን ሐረግ አብሮ መናገር አለበት። ያላወቀውን ሕዝብ ሳይጠይቅ በሕዝቡ መካከል የሚያኖር ሰው ሳይንቲስት ይሁን ወታደር ወይም ከያኒ ጥፋቱ አንድ ነው። የዓላማው ውበት የጥፋቱን ስም አይለውጠውም።

ይሁን እንጂ ተቃራኒው ስሕተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በቡፋሎ ከተማ የሚኖረው የሥነ ጥበብ መምህር ስቲቭ ከርትዝ ባለቤቱ በልብ ሕመም በሞተችበት ዕለት ለእርዳታ የተጠሩ ሰዎች በቤቱ የቤተ ሙከራ ዕቃና ባክቴሪያ አዩ። ሐዘንተኛው በሽብር ተጠርጥሮ ተመረመረ። በመጨረሻ የቀረበበት ክስ ባክቴሪያው ከተገኘበት መንገድ ጋር የተያያዘ የፖስታ ማጭበርበር ሲሆን በ2008 ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ከያኒ የተንገላታው ሥልጣን ያላቸው ሰዎች የማያውቁትን ነገር ሁሉ ጠላት አድርገው ስላዩት ነበር። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው የሚፈራውን ከማገድ በፊት የሚያግደውን የማወቅ ግዴታ አለበት። ሳያውቁ መልቀቅና ሳያውቁ ማገድ የአንድ ድንቁርና ሁለት ፊቶች ናቸው።

መካከለኛው መንገድ የሚገኘው በሥራ ሥርዓት ውስጥ ነው። ጠባዩ የታወቀ፣ በሽታ የማያመጣ ዘር መምረጥ፤ ምግብ ከሚበላበትና ከሚዘጋጅበት ቦታ መራቅ፤ ሳሕኑን አሽጎ ማሳየት፤ በመጨረሻም በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አምክኖ ማስወገድ የዚህ ሥርዓት ዋና ዋና ነጥቦች ናቸው። ተሕዋሱ ከጄሊፊሽ በተወሰደ ዘረ መል እንዲያበራ ተደርጎ የተለወጠ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ይመለከተዋል። እዚህ ላይ «እርሾ በየወጥ ቤቱ አለ፤ ታዲያ ይህ ለምን ይከለከላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ግልጽ ነው። እርሾ በብዙ ትውልድ ማዕድ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ከቤተ ሙከራ የወጣ ዘር ግን ገና በሰው ማዕድ አልተፈተነም፤ ሊፈተንም አይገባውም።

ከያኒ ፈጣሪ ነውን?

ሁለተኛው ኃላፊነት ለእውነት ነው። በሕያው ቁስ የሚሠሩ አንዳንድ ከያንያን «ሕይወት ፈጠርን» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ሐሰት ነው። ባክቴሪያው ከሠዓሊው በፊት ነበረ፤ ከሠዓሊው በኋላም ይኖራል። ሠዓሊው ቦታ አበጀለት፣ መገበው፣ ወሰን አደረገለት እንጂ አልፈጠረውም። ቢዚዮ የቀላውን ገንፎ አይቶ መዓት ነው ከማለት የተቆጠበው ለእውነት ስላደረ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ያንኑ ቀለም አይቶ ተአምር ሠራሁ የሚል ሰው ከቢዚዮ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ባክቴሪያውን በመግደል ጭካኔ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄም በእውነት ሚዛን ቢመዘን ይቀላል። ባክቴሪያ ነርቭ የለውም፤ የሚሰማው ሥቃይ አለ የሚያሰኝ ምክንያት አይገኝም። ሰውም እጁን በሳሙና በታጠበ ቁጥር ብዙ ተሕዋስያንን ያስወግዳል። ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2008 በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከአይጥ ሕዋሳት የበቀለች ትንሽ ካፖርት ለሕዝብ ታይታ ነበር። የሠሯት ኦሮን ካትስና ዮናት ዙር ናቸው። ካፖርትዋ ከታሰበው በላይ ስላደገች የትርኢቱ አዘጋጅ ምግብዋ እንዲቋረጥ ለማዘዝ ተገደደች፤ ይህንንም ስታደርግ እንደ ከበዳት ተናግራለች። ቁሱ ሥቃይ ባይሰማውም ትእዛዙን የሰጠችው ሰው ግን አንድ ነገር ተሰምቷታል። ሕያው ሥራ በሰው ላይ የሚያመጣው ልዩ ፈተና ይህ ነው፤ መጀመሩን ብቻ ሳይሆን መጨረሱንም በእጅ መፈጸም ይጠይቃል። ለመጀመር የቸኮለ፣ ለመጨረስ ግን ሌላ ሰው የሚፈልግ ሁሉ የሥራው ግማሽ ባለቤት ብቻ ነው።

ሥራው ስለሚጠፋ ዋጋ የለውም የሚሉም አሉ። ብራና መቶ ዓመታትን ሲሻገር ሳሕኑ ሳምንት አይሞላም ይላሉ። ይሁን እንጂ የመስቀል ደመራ በአንድ ቀን ተተክሎ በአንድ ምሽት ይነዳል፤ ነደደ ተብሎም ጠፋ አይባልም፤ የተሠራው ሊነድ ነውና። ደመራውን ዋጋ የሚሰጠው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ቆሞ መጨረሻውን ማየቱ ነው። ሕያው ሥዕልም መጨረሻው ተደብቆ በጓዳ የሚጣል ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ መጨረሻው የሥራው ክፍል ሆኖ በይፋ ከተፈጸመ ግን ለተመልካቹ ጊዜን የሚያስተምር ሥራ ይሆናል።

የተወሰደው ከማን ነው?

ሦስተኛው ኃላፊነት ለአገር ነው። ተሕዋስያን ባለቤት የላቸውም ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ልዩ ሕይወት የያዙ ናቸው። የጪቱ ሐይቅ ውሃ አረንጓዴ የሆነው በውስጡ በሚበቅለው ስፒሩሊና በተባለ ረቂቅ ሕይወት ነው፤ የፍላሚንጎ ላባ ቀይ ዳማ የሚሆነውም ወፉ ከሚመገበው ከእንዲህ ዓይነቱ ሕይወት በሚያገኘው ቀለም ነው። ለከያኒ ዓይን ይህ የቀለም ገበታ ነው፤ ለነጋዴ ዓይን ደግሞ ሀብት ነው። የጤፍ ታሪክ በዚህ ላይ ያስጠነቅቃል። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ከፈረመ በኋላ በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አገኘ፤ የሔግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ያለውን መብት የሻረው በ2018 ነው። አያቶች ሲያቦኩት የኖሩትን ነገር የኔ ነው ለማለት አንድ ሰነድ በቂ ሆኖ ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን የዘረ መል ሀብት ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ ድርሻ አለው። ኪነ ጥበብ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያወጣ ሰበብ ሊሆን አይገባም። በሥዕል ስም በጠርሙስ የወጣ ውሃ ነገ በንግድ ስም ተመልሶ ሊሸጥ ይችላልና። በሌላ በኩል ደግሞ የራስን ሀብት ሳያውቁ መጠበቅ አይቻልም። የሐይቁን ቀለም በሳሕን ላይ አብቅሎ ለተማሪ የሚያሳይ መምህር ሀብቱን ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል የመጀመሪያው ነው።

ለማን ይጠቅማል?

በመጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ ለኪነ ጥበብ የሚቀርበው ጥያቄ ነው። ይህ ጥበብ ለማን ነው? ውድ መሣሪያ ላላቸው ጥቂቶች መዝናኛ ከሆነ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም ነበር። ነገር ግን መሠረታዊው አሠራር ውድ አይደለም። ፍሌሚንግ የሠራው በእጁ ነው። የመሣሪያው ሐሳብ፣ ማለትም ሥዕልን ወደ ነጥብና ወደ ልኬት መመንዘር፣ በካሬ ወረቀትና በእርሳስ ሊማሩት የሚቻል ነው፤ ጥልፍ ጠላፊዋና ሸማኔው የጥለቱን ክር ሲቆጥሩ ይህንኑ ያደርጋሉ። አንድ ልጅ እጁን ሳይታጠብና ታጥቦ በሁለት ሰሌዳዎች ላይ አትሞ፣ ሰሌዳዎቹ ወዲያው ታሽገው ሳይከፈቱ ከሁለት ቀን በኋላ ቢያይ፣ ስለ ንጽሕና ከመቶ ስብከት የበለጠ ይማራል። ያየው የገዛ እጁ ሥዕል ነውና።

መሣሪያው ሲገባም መልካም ነው፤ ግን ቦታውን ማወቅ አለበት። የነፋስ ስልክን ስም ያወጡ ሰዎች መሣሪያውን አልሠሩትም ነበር፤ ሆኖም በስም የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ የሚጠበቀው ከስም ያለፈ ነው። ሕያው ሥዕል በአዳራሽ ከመቆሙ በፊት ከያኒው፣ መምህሩና ፈቃድ ሰጪው በጋራ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ቁሱ የተወሰደው ከየትና በማን ፈቃድ ነው? በሰው ላይ የሚያመጣው ነገር ምን ያህል ታውቋል? የሚያበቃው እንዴት ነው፣ የሚያበቃውስ በማን እጅ ነው? ለነዚህ በስሙ ቆሞ የሚመልስ ሰው ከተገኘ ፊርማው የእርሱ ነው፤ መሣሪያው ቢነጥብም፣ ባክቴሪያው ቢበቅልም ሥራው የሰው ሥራ ነው። የሚመልስ ሰው ካልተገኘ ግን ቀለሙ የቱንም ያህል ቢደምቅ ገንፎው ላይ እንደ በቀለው ቀለም ነው፤ ባለቤት የለውም፤ ሊያስደነግጥ እንጂ ሊያስተምር አይችልም።